በአማካይ ሰዓቱን ለሚጠብቀው ባቡር ኃላፊ

«ክቡር ደንበኛችን፤ የጠቀሱት ባቡር በዕለቱ ከተመደበለት ሰዓት ቀድሞ መነሣቱ በማጣራት የተደረሰበት ቢሆንም፣ በሳምንቱ ውስጥ ዘግይቶ ከተነሣባቸው ቀናት ጋር ተደምሮ ሲካፈል በአማካይ ሰዓቱን የጠበቀ ሆኖ ስለተገኘ፣ ያቀረቡት ቅሬታ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። እኛን ስለመረጡ እናመሰግናለን።»

ለተከበሩ የባቡር ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎትና የትኬት ጉዳዮች ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎ የተረጋጋ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሆን ዘንድ ልባዊ ምኞቴ ነው። በተለይ ደግሞ ዓይንዎን ደህና ያድርግልኝ፤ ይህን ለይቼ የተመኘሁበትን ምክንያት ጥቂት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ከላይ ያሰፈርሁት ቃል ከጽሕፈት ቤትዎ ከነማኅተሙ የደረሰኝ መልስ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። መጀመሪያ ሳነበው አንድ ቀልደኛ ሠራተኛ ያለዎት መስሎኝ ቀናሁብዎ፤ እንደገና ሳነበው የተየበው ሰው ተሳስቶ ይሆናል አልሁ፤ ከዚያ በኋላ ፊርማዎን አየሁ። ስለ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ብቻ ትንሽ ማስተካከያ ይፈቀድልኝ፦ ሐዲዱ አንድ፣ ባቡሩም አንድ በመሆኑ፣ እኔ እናንተን የመረጥኋችሁ ሰው አየርን ለመተንፈስ በሚመርጥበት አኳኋን ነው፤ ምስጋናው አይገባኝም።

አቤቱታዬን እርስዎ በሚወዱት መንገድ በተራ ቁጥር እደረድረዋለሁ። ቁጥሮቹን ደምረው እንዳያካፍሏቸው ግን አደራ።

አንደኛ፦ ስለ ቦርሳው። እናቴ ሰባ ዓመት ካለፋት ቆይቷል። የአንደኛውን ዓይኗን ብርሃን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሁለተኛውም በዚያው መንገድ ላይ ነው። በዚያ ማለዳ በባቡርዎ ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል ልወስዳት ነበር፤ ለወራት ስትጠብቀው የኖረችው የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራዋ የደረሰው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበርና። እኔ ቀጠሮ የማከብር ሰው ስለሆንሁ ጣቢያው የደረስነው ጠራጊዎቹ ገና ውኃ እየረጩ ሳለ ነው። ደግፌ አሳፈርኋት፤ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኋት፤ መጋረጃውንም ፀሐይ እንዳያስቸግራት ሳብሁላት። ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ከዚያ የእርስዎ ጥበቃ መጥቶ ጉልበቷ ላይ ያለችውን የእጅ ቦርሳ በጣቱ እየጠቆመ «ጋሼ፣ ይቺ ሚዛን አይታለች?» አለኝ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ቀድማኝ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያለው መነጽሬ፣ ስልኬና የሐኪም ወረቀቴ ነው፤ ከሷ እኔን ብትመዝነኝ ይሻልሃል» አለችው። ጥበቃው ከልቡ ሳቀ፤ ሕጉ ግን አልሳቀም። እጀታ ያለው ዕቃ ሁሉ ይመዘናል፤ የሚመዘነውም የሁሉም ተሳፋሪ ትኬት ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ቦርሳዋንና የሁለታችንን ትኬት ይዤ በሠራተኛዎ ትእዛዝ ወረድሁ።

ሚዛን ቤቱን በጣቢያው የመጨረሻ ጫፍ፣ ከመጸዳጃ ቤቱና ከቁርጥራጭ ብረቱ ክምር ወዲያ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በእግሩ መሄድ እንዳለበት ሐኪሞች ይመክራሉ። መዛኙ ቦርሳዋን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። አንሥቶ እንደገና አስቀመጠ። «አልሰማትም» አለኝ፣ ስለ ሚዛኑ። ከዚያም ሁለቱም ትኬቶች ላይ «ተመዝኗል» የሚል ማኅተም መታባቸው።

ሁለተኛ፦ ስለ አነሣሡ። ጡሩንባ ሲነፋ ሌላ ባቡር መሰለኝ። ሌላ ባቡር እንደሌለ ትዝ ሲለኝ መሮጥ ጀመርሁ። የጣቢያው ትልቁ ሰዓት መነሻችን ገና ሩብ ሰዓት እንደሚቀረው ያሳይ ነበር፤ ፉርጎዎቹ ግን አንድ በአንድ በአጠገቤ ያልፉ ነበር። ያው ጥበቃ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቴ ቆመና «ጋሼ፣ እዚህ መሮጥ ክልክል ነው» አለኝ። «እናቴ ሄደች እኮ!» ብለው፣ «እሳቸው ተቀምጠው ነው የሄዱት፤ ምንም አይሆኑም» ብሎ አጽናናኝ። ለዚህ ርኅራኄው ስሙን ባውቅ በስም ባመሰገንሁት ነበር።

ባቡሩን ያስነሣውን ሰው ፈልጌ አገኘሁት። እንደሚያፍር ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሥራውን እንደሚወድ ሰው አስረዳኝ። ከላይ «በሳምንቱ መጨረሻ የመዘግየቱ አማካይ ባዶ ይሁን» የሚል መመሪያ ወርዷል፤ ሰኞና ማክሰኞ ባቡሩ ክፉኛ ዘግይቷል፤ ስለዚህ ረቡዕ ትንሽ ቀደም ማለት፣ ሐሙስም እንዲሁ ትንሽ መቅደም ግድ ነው። «ሰዉስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሰዉማ ከለመደ እሱም ይቀድማል» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የእኔ እንጀራ ድልድይ መመርመር ነው። ከሁለት ማዶ ተጀምሮ መሐል ላይ መገናኘት ያለበት ድልድይ አንደኛው ወገኑ በአንድ ክንድ ከፍ፣ ሌላኛው በአንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ቢደርስና እኔም «በአማካይ ገጥሟል» ብዬ ብፈርም፣ አለቃዬ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። የእርስዎ አለቃ ምን እንዳደረገዎ ግን ሰምቻለሁ፤ ሰዓት በማክበር አንደኛ የወጣ ጽሕፈት ቤት ተብላችሁ ተሸልማችኋል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛ፦ ስለ እናቴ መውረድ። እናቴ በባቡርዎ ውስጥ ያለ ልጇ፣ ያለ ስልኳ፣ ያለ መነጽሯና ያለ ትኬቷ ቀረች። ቀጥሎ የምጽፈው ከራሷ አፍ የሰማሁትን ነው፤ ታጋንን ይሆናል ብዬ ካዩ ሰዎች አጣርቼ እንዲያውም ቀንሳ እንደነገረችኝ ተረድቻለሁ። ትኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ ትኬቷን ሲጠይቃት ልጄ ይዞታል አለችው፤ ልጅዎ የታሉ ቢላት ቦርሳ ሊያስመዝን ወርዷል አለችው፤ «እማማ፣ ባቡሩ እኮ ተነሥቷል» ሲላት፣ «መነሣቱንማ ወንበሩ ነገረኝ፤ ልጄን ጥላችሁ የተነሣችሁበትን ነው አንተ የምትነግረኝ» አለችው። እሱም ትኬት የሌለው ሰው ሁሉ «ልጄ ይዞታል» እንደሚል ቢገልጽላት፣ «እንግዲያው የሰዉን ልጅ ሁሉ እየጣላችሁ ነው የምትሄዱት» ብላ መለሰችለት። ፉርጎው በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪው ሳቁ የተሳቀው በእሱ ላይ መሆኑን ሲያውቅ፣ አታየኝም ብሎ ነው መሰል፣ ጣቱን ጭንቅላቱ አጠገብ አሽከርክሮ ለተሳፋሪዎቹ አሳየ። «የደፈረሰው ዓይኔ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም» አለችው።

አብረዋት የነበሩት ተሳፋሪዎች አዋጥተን ትኬት እንቁረጥላት ብለው ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን በመመሪያዎ መሠረት ትኬት በባቡር ውስጥ አይሸጥም፤ ትኬት የሌለው ደግሞ በሚቀጥለው ጣቢያ ይወርዳል። ተቆጣጣሪው በሁለት እጁ ደግፎ፣ ደረጃውን እየቆጠረላት በጨዋ ደንብ አወረዳት። መወርወር በመመሪያው አለመካተቱን በዚህ አጋጣሚ ሳላመሰግን አላልፍም።

የወረደችበት ጣቢያ አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የውኃ በርሜል ነው። እኔ ትኬት የሌለው የት እንደሚወርድ ከጥበቃው ሰምቼ፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ለምኜ እስክደርስ ድረስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነበር። ምን ሆና አገኛት ይሆን እያልሁ በሩን ስገፋ፣ እናቴ የጣቢያ ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች፤ ጣቢያ ሹሙ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እስከ ዛሬ ያላገባበትን ምክንያት ያስረዳታል። እኔን ሲያይ ከእሷ ይልቅ እሱ ነበር እፎይ ያለው። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ እናቴ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ፤ ነገርኋት፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ገብታ ዓይኗ ላይ ጠብታ እየተጨመረላት መሆን ነበረበት።

አራተኛ፦ ስለ ትኬቱ ጀርባ። ደንቦችዎ በትኬቱ ጀርባ የታተሙበት ፊደል ከዓይን ሕክምና የሚመለስ ሰው እንጂ የሚሄድ ሰው የሚያነበው አይደለም። እኔ በአጉሊ መነጽር እንዳነበብሁት፣ ትኬት ሳይይዝ የተሳፈረ እንዳልተሳፈረ፣ ትኬት ይዞ ያልተሳፈረ ደግሞ እንደ ተሳፈረ ይቆጠራል። እንግዲህ እናቴ ሄዳ አልሄደችም፤ እኔ ሳልሄድ ሄጃለሁ። ዋናው ከተማ በሰላም መግባቴን ከእርስዎ መዝገብ ተረድቻለሁ፤ እንኳን በሰላም ገባሁ።

አምስተኛ፦ ቅሬታ መቀበያ መስኮቱ ከትኬት መቆጣጠሪያው በር ወዲያ፣ ውስጥ ነው። በሩን ለማለፍ የዕለቱ ትኬት ያስፈልጋል። ስለዚህ ስለ ባቡርዎ ለማማረር በሄድሁ ቁጥር እስከ ቅርቡ ጣቢያ የሚያደርስ ትኬት እቆርጣለሁ፤ አማርሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በአራተኛው ነጥብ በተጠቀሰው ደንብ መሠረት ትኬት ይዞ ያልተሳፈረ ስለተሳፈረ፣ በመዝገብዎ ላይ ያለ ዕረፍት የምጓዝ ሰው ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት በስልኬ «ታማኝ ደንበኛችን በመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት ደርሶኛል። አንብቤ ለእኅቴ ላክሁላት፤ እስካሁን ትስቃለች።

ስድስተኛ፦ መውጫው ላይ «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» የሚለው መሣሪያ ሦስት የሚጫኑ ፊቶች አሉት፤ የሚስቀውና ዝም ያለው ይሠራሉ፤ ያዘነው ከመነካት ብዛት ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ሰባተኛና ዋነኛው፦ ይህን ሁሉ ሰው እንደሚረሳው ረስቼ ልተኛ እችል ነበር፤ የማያስተኛኝ የሚከተለው ነው። ሆስፒታሉ የቀጠሮውን ቀን ያሳለፈ ሕመምተኛን ወደ ተራው መጨረሻ ይመልሳል፤ የተራው መጨረሻ የሚመጣው ዓመት ነው። ዋናው ከተማ የምትኖረው እኅቴ በዚያው ዕለት ሄዳ የቀጠሮ ክፍሉን ሠራተኛ ለምናው፣ ሰውየው በቅንነት መንገዱን ነግሯታል፦ መዘግየቱ የሕመምተኛዋ ጥፋት አለመሆኑን ከባቡር ድርጅቱ በጽሑፍ ካመጣን፣ የዚህ ዙር ዝርዝር ሳይዘጋ ስሟን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሐኪሙ ደግሞ ሁለተኛውን ዓይን አይቶ ዓመት ይቆይ አላለም። አሁን ሁላችንም የምንጠብቀው ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

እናቴ ዓይኗን ለምን እንደፈለገችው የሚያውቁ መስሎዎት ስለ ልጅ ልጆች ፊት ያስቡ ይሆናል። እነሱን በድምፃቸው ታውቃቸዋለች፤ አይቸኩሉም ትላለች። እሷን ያስቸኮላት ካርታ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ከእናቴ ጋር ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ካርታ ሲጫወቱ የኖሩ የዕድሜ እኩያዋ፣ ሞራው ከመጣ ወዲህ አንድም ጨዋታ ተሸንፈው አያውቁም። «ታጭበረብረኛለች፤ ስታጭበረብር ትንፋሿ ይለወጣል፤ ይሰማኛል፤ ግን በትንፋሽ ሰው አይከሰስም» ትላለች እናቴ። ያቺን ሴት አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ እስክትይዛት ነው የምትጠብቀው። ይህ ለእርስዎ ትንሽ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ አጀንዳ የለም።

ታዲያ ያንን ዐረፍተ ነገር ፍለጋ ወደ መስኮትዎ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መልካም ልጅ ናት፤ እርስዎ ዘንድ እንዴት እንደ ገባች አላውቅም። ስለ መዘግየት ማረጋገጫ የሚሰጥበት ቅጽ አለ፣ ስለ መቅደም ግን ቅጽ የለም አለችኝ፤ ባቡር ይቀድማል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረማ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ለምን ዘገየ ብዬ አልጽፍልዎትም? ያው ወረቀት ነው» አለችኝ። እኔ ግን ያልሆነ ነገር በማኅተም አላስመሰክርም ብዬ፣ ስለ እውነትና ስለ ሰነድ አንድ ረዥም ነገር ተናግሬባት ወጣሁ። እቤት ገብቼ ይህንኑ በኩራት ስተርክ እናቴ ሰምታ ጨረሰችና «አንተ ልጅ፣ ድልድይህ ላይ ቅን ሁን፤ በእኔ ዓይን ላይ ነው እንዴ ጽድቅ የምትሠራው? ባቡሩ ዘገየ ይበሉ፣ ከፈለጉም ሞተ ይበሉ፤ ወረቀቱን አምጣልኝ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷ እንደዚያ ስትዞር አባቴ እንኳ አይመልሳትም ነበር።

በማግሥቱ ትኬቴን ቆርጬ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመለስሁ። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ዘገየ ይባልልኝ አልኋት። እሷም ቅጹን ሞልታ ለማኅተም ወደ ውስጥ ይዛው ገባች፤ ይዛው የወጣችው ግን አለቃዋን ነው። አለቃዋ ወንበር አስመጥቶ፣ አስቀምጦኝ፣ በእርጋታ እንዳብራራልኝ፣ የዚያ ሳምንት ሒሳብ ተዘግቷል፤ አማካዩም ባዶ ወጥቷል። አሁን አንድ መዘግየት ከተጨመረ ይበላሻል። «ጋሼ፣ እኛ ተሸልመንበታል እኮ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ያለሁበትን ቦታ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። እውነቱ ቅጽ ስለሌለው አይጻፍም፤ ውሸቱ አማካዩን ስለሚያበላሽ አይጻፍም። ለአንድ ዜጋ ከእውነትም ከውሸትም አንዱን እንኳ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሌሎቹ ቢያንስ ውሸቱን አይነፍጉም።

የምጠይቀው ሽልማታችሁን እንድትመልሱ አይደለም። ይቅርታም አልጠይቅም፤ ለእሱም ቅጽ እንደማይኖር እገምታለሁ። የምጠይቀው በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም የተረጋገጠ የሚከተለው ቃል ብቻ ነው፦ «በተጠቀሰው ዕለት ባቡሩ ከሰዓቱ በፊት ተነሥቷል፤ የተሳፋሪዋ ትኬት በዚያ ሰዓት በእኛ ትእዛዝ ሚዛን ቤት ነበር፤ ከቀጠሮዋ የቀረችው በእኛ ምክንያት ነው።» ደክሞዎት እንዳይሆን ብዬ አርቅቄ አቅርቤዋለሁ፤ የሚቀረው መፈረም ነው። ፊደሉን ግን አደራ፣ ጎላ አድርገው ያስጽፉልኝ፤ እናቴ በቀረችው ዓይኗ ራሷ ካላነበበችው አታምንም፤ እኔ ሳነብላት የምጨምር ይመስላታል።

ሆስፒታሉ ዝርዝሩን የሚዘጋው በያዝነው ወር ሃያ አራት፣ ዓርብ ነው። ስለሆነም የጽሑፍ መልስዎ ሃያ ሁለት፣ ረቡዕ፣ የሥራ ሰዓት ከማብቃቱ በፊት በእጄ እንዲገባ አጥብቄ አሳስባለሁ። ሐሙስ የሚደርስ መልስ መልስ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት የደረሰኝ ዓይነት መልስም መልስ አይደለም።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረዥም ዕድሜ፣ ለሐዲድዎ ጥንካሬ፣ ለመዛኝዎ ሚዛን፣ ለመስኮቷ ልጅ የተሻለ አለቃ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በማያልቅ ትሕትናና ሊያልቅ ጥቂት በቀረው ትዕግሥት እሰናበታለሁ።

ሳይሄድ የደረሰው ታማኝ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብላት ስድቡ አነሰ፣ አክብሮቱ በዛ ብላ ተቆጥታለች። ከዚያም «ይኼ ሰውዬ እናት አለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። «ካለችው በምን ነው የምትሄደው?» አለችኝ። እሱንም አላውቅም። በመልስዎ ውስጥ ቢያካትቱልን ደስ ይለናል።